የጣሪያ መስኮት፦ ማምለጫ ወይስ መጠበቂያ?

ከጣሪያ ሥር የሚገኝን ባዶ ስፍራ ወደ መኝታ ክፍልነት መለወጥ በእንግሊዝ ከተሞች ተጨማሪ መሬት ሳያስፈልግ የቤትን ስፋት ለማሳደግ ከሚያገለግሉ ዘዴዎች አንዱ ከሆነ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። ሥራው ከውጭ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። ወለሉ ይጠናከራል፣ ደረጃ ይሠራል፣ በተዳፋቱ ጣሪያ ላይም ብርሃንና አየር የሚያስገባ መስኮት ይገጠማል። ይሁን እንጂ ሰው በሚተኛበት ክፍል የሚገጠም መስኮት ከብርሃንና ከአየር ሌላ ሦስተኛ ኃላፊነት ይኖረዋል። ይኸውም ሌሊት በታችኛው ወለል እሳት ተነስቶ ደረጃው በጭስ ቢዘጋ ተኝቶ የነበረውን ሰው በሕይወት ማውጣት ነው።

ይህ ኃላፊነት በየአገሩ የሕንፃ ደንብ ውስጥ በሚሊ ሜትርና በካሬ ሜትር ተለክቶ ሰፍሯል። ልኬቶቹ ግን ከአገር አገር በእጅጉ ይለያያሉ። በአንዱ አገር በቂ ተብሎ የጸደቀው መስኮት በሌላው ሦስት ጊዜ እጥፍ ያህል መስፋት ይጠበቅበታል። ልዩነቱ የሰው ልጅ ቁመናና ትከሻ በየአገሩ ስለሚለያይ የመጣ አይደለም። እያንዳንዱ ልኬት ከበስተጀርባው ማን ከማን እርዳታ ጋር፣ በምን መሣሪያ፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ይወጣል የሚል ግምት የያዘ በመሆኑ ነው። ግምቱ ሳይታወቅ ቁጥሩን ብቻ መውሰድ በወረቀት ላይ ማምለጫ፣ በአደጋ ጊዜ ግን ወጥመድ የሚሆን መስኮት ወደ ማጽደቅ ሊያመራ ይችላል።

ጭስ አስቀድሞ የሚደርስበት ክፍል

በመኖሪያ ቤት በሚነሳ እሳት ለሕይወት ኅልፈት ዋነኛው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱና በውስጡ ያለው መርዛማ ጋዝ መሆኑ በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። የጋለ ጭስ ከአካባቢው አየር የቀለለ በመሆኑ ወደ ላይ ይወጣል። በቤት ውስጥ ደግሞ ወደ ላይ የሚያደርሰው ሰፊው መንገድ ደረጃው ያለበት ክፍት ስፍራ ነው። በመሆኑም በወጥ ቤት ወይም በሳሎን የተነሳ እሳት ገና ከክፍሉ ሳይወጣ ጭሱ ደረጃውን ተከትሎ ከጣሪያው ሥር ሊከማች ይችላል። ነዋሪው በሰላሙ ጊዜ የሚወጣበትና የሚወርድበት ብቸኛ መንገድ በአደጋ ጊዜ የጭስ ማውጫ ይሆንበታል ማለት ነው።

የዚህ ክፍል ችግር በርቀቱ ይባባሳል። ከጣሪያው ሥር የተኛ ሰው ከመውጫው በር እጅግ የራቀ ነው፤ በታችኛው ወለል የሚሰማውን ድምፅም በቀላሉ አይሰማም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የሌለው ሲሆን፣ የጭስ ሽታም ቢሆን እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ይቀሰቅሰዋል ተብሎ አይታመንም። ስለዚህ የመስኮቱ ጉዳይ ከመነሳቱ በፊት የጭስ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ጉዳይ ይቀድማል። በእንግሊዝ መመሪያ መሠረት ከምድር ቤት በላይ አዲስ መኖሪያ ክፍል የሚጨምር ባለቤት ከኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራና መጠባበቂያ ባትሪ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ እንዲያስገጥም የሚጠበቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። በጊዜ ያልነቃ ሰው የቱንም ያህል ሰፊ መስኮት ቢኖረው አይጠቀምበትም።

ልኬቶቹና ትርጉማቸው

የእንግሊዝ የሕንፃ ደንቦች መሠረታቸው እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የሕንፃ ሕግ ሲሆን፣ ዋናው ደንብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ነው። ዌልስ፣ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። የእንግሊዝ ደንብ ራሱ ስለ መስኮት ስፋት አይደነግግም። በጥቅሉ የሚጠይቀው ሕንፃው ስለ እሳት በጊዜ የሚያስጠነቅቅ ዝግጅትና ነዋሪዎች ከሕንፃው ውጭ ወደሚገኝ አስተማማኝ ስፍራ የሚያመልጡበት፣ በሚያስፈልግበት ጊዜ ሁሉ በደህንነት የሚያገለግል መንገድ እንዲኖረው ነው። ዝርዝሩ የሚገኘው «አፕሩቭድ ዶክዩመንት ቢ» በሚል ስያሜ በሚታወቀው መመሪያ ነው። የመመሪያው ቅጽ አንድ ስለ መኖሪያ ቤቶች የሚናገር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደገና ታትሞ ከዚያ ወዲህ በተለያዩ ጊዜያት ተሻሽሏል።

በመመሪያው መሠረት ለማምለጫነት የሚያገለግል መስኮት ሲከፈት ያልተደናቀፈ ክፍተቱ ከ0 ነጥብ 33 ካሬ ሜትር ማነስ የለበትም። ክፍተቱ በቁመትም ሆነ በወርድ ቢያንስ 450 ሚሊ ሜትር መሆን ይገባዋል። የሚከፈተው ክፍል የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ከወለሉ ከ1 ሺህ 100 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ማለት የለበትም። ከዚህም ሌላ መስኮቱ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የሚያመልጠው ሰው በእጁ ሳይደግፈው ክፍት ሆኖ መቆየት እንዳለበት ተመልክቷል።

በእነዚህ ልኬቶች ላይ በሥራ ወቅት በተደጋጋሚ የሚያጋጥም የአረዳድ ስህተት አለ። 450 ሚሊ ሜትር በ450 ሚሊ ሜትር የሆነ መስኮት ሁለቱንም ዝቅተኛ ልኬቶች ያሟላ ይመስላል። ስፋቱ ሲሰላ ግን 0 ነጥብ 2 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ከሚፈለገው ስፋት በእጅጉ ያንሳል። ወርዱ 450 ሚሊ ሜትር የሆነ መስኮት የ0 ነጥብ 33 ካሬ ሜትሩን መስፈርት ለማሟላት ቁመቱ ከ730 ሚሊ ሜትር በላይ መሆን ይኖርበታል። ሦስቱ ልኬቶች አንዱ ሌላውን የሚተኩ አማራጮች ሳይሆኑ በአንድነት መሟላት ያለባቸው ናቸው።

የመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ከፍታ ሁለት ተቃራኒ አደጋዎችን ለማስታረቅ የተቀመጠ ነው። ጠርዙ ከፍ ሲል የሚያመልጠው ሰው ለመውጣት ይቸገራል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ሕፃን ልጅ በሰላሙ ቀን ሊወድቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው መመሪያ ስለ መውደቅ አደጋ የሚመለከተውን ሌላውን ሰነድ በመጥቀስ የመከለያ ቁመት በመደበኛው መስኮት ላይ ቢያንስ 800 ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ በጣሪያ ላይ በሚገጠም መስኮት ግን የክፍተቱ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 600 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ሊል እንደሚችል አመልክቶ ነበር። ልዩነቱ ከጣሪያው ተዳፋትነት ጋር የተያያዘ ነው። በተዳፋት ላይ ያለ መስኮት ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ክፍሉ መሐል እያዘነበለ ስለሚመጣ ከውጭው የጣሪያ ጠርዝ ይርቃል።

የመስኮቱ አከፋፈት ከስፋቱ ባልተናነሰ ይመዘናል

ዘመናዊው የጣሪያ መስኮት በስፋት የታወቀው ዴንማርካዊው መሐንዲስ ቪሉም ካን ራስሙሰን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ቬሉክስ በሚል ስያሜ ካስተዋወቀው ወዲህ ነው። በብዙ ቤቶች የሚታየው ዓይነት መሐሉ ላይ ባለው ማጠፊያ የሚሽከረከር ነው። የላይኛው ግማሽ ወደ ክፍሉ ሲገባ የታችኛው ግማሽ ወደ ውጭ ይወጣል። ይህ አሠራር የውጪውን መስተዋት ከውስጥ ሆኖ ለማጽዳት እጅግ ምቹ ነው። ለማምለጥ ግን አመቺ አይደለም፤ የመስኮቱ ክፈፍ መሐል ለመሐል አቋርጦ ስለሚቆም ለሰው የሚተርፈው ክፍተት ከመስኮቱ ጠቅላላ ስፋት ግማሽ ያህሉ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በዚህም የተነሳ ለማምለጫነት የሚመረጡት ማጠፊያቸው በላይኛው ጠርዝ ወይም በጎን በኩል የሆኑት ናቸው። እነዚህ ሲከፈቱ ክፍተቱን በሙሉ ነፃ ያደርጋሉ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በንድፍ ላይ የሚታየው የመስኮቱ የውጭ ልኬት ስለ ማምለጫነቱ በቂ ማስረጃ አይሆንም። ገምጋሚው መጠየቅ ያለበት መስኮቱ ስንት በስንት ነው የሚለውን ብቻ ሳይሆን ሲከፈት በማን በኩል ይሄዳል፣ ምን ያህል ክፍተትስ ይተዋል የሚለውን ጭምር ነው።

የቁልፍ ጉዳይም እንደዚሁ ነው። የእንግሊዝ መመሪያ በማምለጫ መስኮት ላይ ቁልፍም ሆነ የመክፈቻውን መጠን የሚገድብ መቆንጠጫ እንዳይገጠም አይከለክልም። ነገር ግን መቆንጠጫው የሚለቀቅበት መቀርቀሪያ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ መቀርቀሪያውም ሕፃናት በቀላሉ የማይከፍቱት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሌባን የሚከላከለው ብልሃት ነዋሪውን መልሶ እንዳይዘጋበት የተደረገ ጥንቃቄ መሆኑ ነው።

የ4 ነጥብ 5 ሜትር ወሰን

የመስኮቱ ልኬት ሁሉ ትርጉም የሚኖረው ክፍሉ ከመሬት በምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሚገኝ ሲታወቅ ነው። የእንግሊዝ መመሪያ ወሰኑን 4 ነጥብ 5 ሜትር ላይ አድርጎታል። የላይኛው ወለል ከመሬት ከ4 ነጥብ 5 ሜትር ያልበለጠ ከፍታ ላይ ከሆነ የመኝታ ክፍሉ የማምለጫ መስኮት ወይም ከእሳት ወደተከለለ ደረጃ በቀጥታ የሚያስገባ በር እንዲኖረው ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን መስኮት ብቻውን በቂ ማምለጫ ሆኖ አይቆጠርም።

የወሰኑን ምክንያት በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። ወለሉ ከመሬት 2 ነጥብ 7 ሜትር ከፍ ያለ፣ የመስኮቱ ጠርዝም ከወለሉ 1 ነጥብ 1 ሜትር ላይ የሚገኝ ቤት ቢወሰድ ጠርዙ ከመሬት 3 ነጥብ 8 ሜትር ይርቃል። በሁለት እጁ ጠርዙን ይዞ የተንጠለጠለ ጎልማሳ ከእጁ እስከ እግሩ 2 ሜትር ያህል ስለሚረዝም ከእግሩ በታች የሚቀረው 1 ነጥብ 8 ሜትር ገደማ ነው። ጉዳት ሊያስከትል ቢችልም ከሞት የሚተርፍበት ርቀት ነው። ወለሉ ወደ 5 ሜትር ተኩል ከፍ ሲል ግን በዚያው ስሌት ከእግሩ በታች የሚቀረው ከ4 ሜትር ተኩል በላይ ይሆናል። የመጀመሪያው ሰው በራሱ አቅም ሊወጣ ይችላል፤ ሁለተኛው መሰላል ይዞ የሚመጣለት ሰው ያስፈልገዋል።

በዚህ መሠረት ተመሳሳይ የጣሪያ መስኮት በሁለት ቤቶች ላይ ሁለት የተለያየ ትርጉም ይኖረዋል። ቀድሞ ፎቅ ባልነበረው ቤት ጣሪያ ሥር የተሠራ መኝታ ክፍል ወለሉ ከ4 ነጥብ 5 ሜትር በታች ስለሚሆን የጣሪያው መስኮት እንደ ማምለጫ ሊቆጠርለት ይችላል። በኢትዮጵያ አጠራር ባለ አንድ ፎቅ በሆነው ቤት ጣሪያ ሥር ሌላ ክፍል ሲጨመር ግን አዲሱ ወለል ብዙውን ጊዜ ከወሰኑ ያልፋል። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ከላይኛው ወለል እስከ መውጫው በር ድረስ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እሳትን በሚቋቋም ግድግዳ የተከለለና ክፍሎቹ ለ20 ደቂቃ በሚቋቋሙ በሮች የሚዘጉበት ደረጃ ነው። የጣሪያው መስኮት ለብርሃንና ለአየር ይቀራል።

መመሪያው ሰው ከመስኮቱ ከወጣ በኋላ የሚያርፍበትንም ስፍራ አልዘነጋም። የሚያመልጠው ሰው ከእሳቱ አደጋ ወደራቀ ቦታ መድረስ መቻል አለበት። መውረጃው በአጥር የተዘጋ የጓሮ ግቢ ከሆነ የግቢው ርዝመት ከቤቱ ቁመት ማነስ የለበትም። ከሚቃጠል ቤት ወጥቶ በሚቃጠለው ቤትና በአጥሩ መካከል መታገት ማምለጥ አይደለምና ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የተሻረው አማራጭ

የዚህ ወሰን ጥብቅነት ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በእንግሊዝ ቀደም ሲል በነበረው መመሪያ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመው እትም፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ላይ ለሚጨመር የጣሪያ ሥር ክፍል ቀለል ያለ አማራጭ ተፈቅዶ ነበር። አዲሱ ወለል ከ50 ካሬ ሜትር ካልበለጠና የመኖሪያ ክፍሎቹ ከሁለት ካልዘለሉ የጣሪያው መስኮት ከሌሎች ጥንቃቄዎች ጋር ተደምሮ ለነፍስ ማዳኛነት ሊቆጠር ይችል ነበር። ሁኔታው ግን ሰውየው ራሱ ይወርዳል በሚል ሳይሆን የእሳት አደጋ ሠራተኞች በመሰላል ደርሰው ያወርዱታል በሚል ግምት ላይ የቆመ ነበር። ለዚህም ሲባል የመስኮቱ የታችኛው ክፍል በጣሪያው ተዳፋት ላይ ሲለካ አሸንዳው ካለበት ጠርዝ ከ1 ነጥብ 7 ሜትር እንዳይርቅ፣ ከሥሩም መሰላል የሚተከልበት ስፍራ እንዲኖር ተጠይቆ ነበር።

ከሚያዝያ 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የ2006 እትም ይህ አማራጭ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ በሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚጨመር ወለል በተከለለ ደረጃ ወይም ከዚህ ጋር በሚመጣጠን ሌላ መፍትሔ መገልገል እንዳለበት ሆነ። ለውጡ በይዘቱ አንድ አንቀጽ ከመሰረዝ ያለፈ አይመስል ይሆናል። ፍሬ ነገሩ ግን ከፍተኛ ነው። የነዋሪው ሕይወት በማምለጫው መንገድ ላይ መመሥረቱ ቀርቶ በመሰላሉ ፍጥነት ላይ የተመሠረተበት አሠራር እንዲያበቃ አድርጓል።

በአንጻሩ የሕንፃ ደንብ በመርሕ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሶ የማይሠራ በመሆኑ በቀድሞው መመሪያ መሠረት በሕጋዊ መንገድ የተሠሩ ክፍሎች እስካሁን አሉ። በእነዚህ ቤቶች የሚኖሩ ወይም የሚከራዩ ሰዎች በጣሪያቸው ላይ ያለውን መስኮት እንደ ማምለጫ ሊቆጥሩት ይችላሉ። መስኮቱ ግን ሲፈቀድም የነበረው ሚና ሰውየውን ማውጣት ሳይሆን ረዳት እስኪመጣ ንጹሕ አየር እያገኘ እንዲጠብቅ ማድረግ ነበር።

አንድ መስኮት፣ ሦስት ግምቶች

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ ይህንኑ ጉዳይ ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። በጀርመን ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸውን የሕንፃ ሕግ የሚያወጡ ሲሆን፣ በጋራ የተዘጋጀ የሞዴል ደንብ ደግሞ መነሻ ሆኖ ያገለግላል። በሞዴል ደንቡ መሠረት በእያንዳንዱ የመኖሪያ ወለል አንዱ ከሌላው ነፃ የሆኑ ሁለት የማምለጫ መንገዶች ሊኖሩ ይገባል። ሁለተኛው መንገድ የእሳት አደጋ መከላከያ በመሰላሉ የሚደርስበት መስኮት ሊሆን ይችላል። በዚህ ረገድ የሚያገለግለው መስኮት ነፃ ክፍተቱ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር በ1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር መሆንና ከወለሉ ከ1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ አለመራቅ አለበት። በተዳፋት ጣሪያ ላይ ከሆነ ደግሞ የታችኛው ጠርዙ ወይም ከፊቱ የተሠራው መቆሚያ ከጣሪያው ጠርዝ በአግድም ሲለካ ከ1 ሜትር መራቅ የለበትም። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች በመጠኑ የተለየ ልኬት ይጠቀማሉ።

ጀርመኖቹ በዚህ ብቻ አላበቁም። መሰላል የሚቆምበት መስኮት ጠርዙ ከመሬት ከ8 ሜትር በላይ ከሆነ ሕንፃው እንዲሠራ የሚፈቀደው የአካባቢው የእሳት አደጋ መከላከያ እንደ መሰላል ተሽከርካሪ ያለ አስፈላጊው መሣሪያ ያለው ሲሆን ብቻ ነው። የግንባታ ፈቃዱ ከእሳት አደጋ መከላከያው ትጥቅ ጋር በሕግ ተሳስሯል ማለት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ መሰላሉ ከሌለው በመሰላሉ ላይ የተመሠረተ ሕንፃ አይፈቅድም።

በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች በሰፊው የሚቀበሉት የመኖሪያ ቤቶች የሞዴል ደንብ በበኩሉ ለእያንዳንዱ የመኝታ ክፍል «የአደጋ ጊዜ ማምለጫና ነፍስ ማዳኛ ክፍተት» እንዲኖር ይጠይቃል። የክፍተቱ ስፋት በላይኛው ወለል 0 ነጥብ 53 ካሬ ሜትር፣ ቁመቱ 61 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 51 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጠርዙ ከወለሉ ከ1 ነጥብ 12 ሜትር ገደማ መብለጥ የለበትም። በስያሜው ውስጥ ማምለጫና ነፍስ ማዳኛ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ስፋቱ የተወሰነው ነዋሪው የሚወጣበትን ብቻ ሳይሆን የመተንፈሻ መሣሪያ በጀርባው ያዘለ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚገባበትን ጭምር ታሳቢ በማድረግ ነው።

ሦስቱን አገሮች በአንድነት ለተመለከተ ልኬቶቹ አንድ ዓይነት ጥያቄ እንደማይመልሱ ግልጽ ይሆናል። የእንግሊዙ 0 ነጥብ 33 ካሬ ሜትር ከዝቅተኛ ከፍታ በራሱ የሚወጣን ሰው ይለካል። የአሜሪካው 0 ነጥብ 53 ካሬ ሜትር የሚገባውን ሠራተኛ ይጨምራል። ከ1 ካሬ ሜትር በላይ የሆነው የጀርመኑ ክፍተት ደግሞ በመሰላል የሚከናወን የነፍስ ማዳን ሥራን ያስተናግዳል። የአንዱን ልኬት ከሌላው ግምት ጋር አደባልቆ መውሰድ፣ ለምሳሌ የእንግሊዙን ጠባብ መስኮት በጀርመኑ የመሰላል ከፍታ ላይ መፍቀድ፣ ሁለቱም አገሮች ያልፈቀዱትን አደጋ መፍጠር ይሆናል።

መስኮቱ የማያወጣቸው ሰዎች

ልኬቶቹ የተዘጋጁት በአመዛኙ ጤናማ ጎልማሳን ታሳቢ በማድረግ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ መውረድ ለአረጋዊ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአካል ጉዳተኛና ለሕፃን የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ሕፃን ያቀፈች እናትም ሁለት እጆቿን ለጠርዙ ማዋል አትችልም። ለእነዚህ ሰዎች አስተማማኙ መንገድ በእግር የሚወረድበትና ከጭስ የተጠበቀ ደረጃ ነው። የማስጠንቀቂያ መሣሪያው፣ በሮቹና ደረጃው ለቤተሰቡ አባላት በሙሉ የሚያገለግሉ ሲሆኑ፣ መስኮቱ የሚያገለግለው አቅሙ ለተገኘለት ብቻ ነው። የመከላከያዎቹ ቅደም ተከተልም ከዚህ በመነሳት መወሰን ይኖርበታል።

ከፈቃዱ በኋላ የሚከሰተው ለውጥም ሌላው ትኩረት የሚያሻው ነጥብ ነው። ባለቤቱ እሳት የሚቋቋመውን በር ለውበት ሲል በመስተዋት በር ይለውጠዋል፤ በደረጃው ሥር ያለውን ግድግዳ አፍርሶ ሳሎኑን ያሰፋል፤ በመስኮቱና በጣሪያው ጠርዝ መካከል የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰሌዳዎችን ይደረድራል። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲታይ ቀላል ቢሆንም የጸደቀውን የማምለጫ መንገድ ሊያቋርጥ ይችላል። በእንግሊዝ የማምለጫ መስኮት በአዲስ ሲተካ አዲሱ መስኮት የቀድሞውን የማምለጫ አቅም እንዳይቀንስ የሚጠየቀው ይህንን በመገንዘብ ነው።

ለኢትዮጵያ ያለው ፋይዳ

በኢትዮጵያ ከተሞች በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚገጠም የማምለጫ መስኮት የተለመደ አይደለም። ጥያቄው ግን በሌላ መልክ አለ። ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ መኖሪያ ቤቶች በተስፋፉባቸው አካባቢዎች የላይኛው ወለል መኝታ ክፍሎች መስኮቶች ሌባን ለመከላከል ሲባል በተበየደ የብረት ፍርግርግ ሲታጠሩ ማየት የዘወትር ነገር ነው። እንዲህ ያለው መስኮት በስፋቱ የየትኛውንም አገር መስፈርት ቢያሟላ እንኳ ለማምለጫነት ስፋቱ ዜሮ ነው። የአሜሪካው የሞዴል ደንብ ፍርግርግን ፈጽሞ አይከለክልም፤ ከውስጥ በኩል ያለ ቁልፍ፣ ያለ መሣሪያና ያለ ተለየ ጉልበት የሚከፈት እንዲሆን ግን ያስገድዳል። ማጠፊያና ከውስጥ የሚከፈት መቀርቀሪያ ያለው ፍርግርግ መሥራት በየሰፈሩ የሚገኙ የብረታ ብረት ሙያተኞች ከሚያውቁት ሥራ የተለየ አይደለም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ የከፈለ ሲሆን፣ መኖሪያ ቤት ወደ ሁለት ወለል ሲያድግ ከምድብ «ሀ» ወጥቶ ከፍ ያለ የሙያ ኃላፊነት ወደሚጠይቀው ምድብ «ለ» እንዲሸጋገር አድርጎ ነበር። ከዚህ አመዳደብ በስተጀርባ ያለው አስተሳሰብ ከእንግሊዙ የ4 ነጥብ 5 ሜትር ወሰን ጋር ይቀራረባል። የወለል መጨመር የክፍል ቁጥር መጨመር ብቻ ሳይሆን የአደጋው ዓይነት መለወጥ መሆኑን ያመለክታል።

የረዳት መድረስን ግምት በተመለከተም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 አጭር የስልክ ቁጥር ጥሪ እየተቀበለ አገልግሎት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ተሽከርካሪ በማያሳልፉ ጠባብ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ላይ በሚገኙ ቤቶች መሰላል ቀድሞ ይደርሳል በሚል ግምት ንድፍ ማጽደቅ ለአገልግሎቱ ከአቅሙ በላይ የሆነ አደራ መስጠት ነው። የክልል ከተሞችም የየራሳቸውን የመሣሪያ አቅምና የመንገድ ሁኔታ አገናዝበው ሊወስኑ ይገባል።

በመሆኑም በላይኛው ወለል መኝታ ክፍል ያለበት ንድፍ ለግምገማ ሲቀርብ በመጀመሪያ ሊታይ የሚገባው የመስኮቱ ቁጥር ሳይሆን የተኛው ሰው የሚነቃበት ማስጠንቀቂያ፣ የሚወርድበት ደረጃና ደረጃውን ከጭስ የሚጠብቁት በሮች ናቸው። መስኮቱ እንደ ማምለጫ ከተመዘገበ ሰውየው በራሱ የሚወርድበት ከፍታ መሆኑ፣ ሲከፈትም በእርግጥ ሰው የሚያሳልፍ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። መጠበቂያ ብቻ ከሆነ ደግሞ ይኸው በግልጽ ተጽፎ በምን መሰላልና በማን እንደሚደረስለት በሰነዱ ላይ መመልከት ይኖርበታል። እንግሊዞች ይህንን ልዩነት በመመሪያቸው ውስጥ አጥርተው ለማስቀመጥ እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ ጊዜ ወስዶባቸዋል። ለሌሎች አገሮች የግንባታ ተቆጣጣሪዎች ተሞክሮው ተዘጋጅቶ የሚገኝ ሲሆን፣ ከቁጥሮቹ ጋር አብሮ መወሰድ ያለበትም ቁጥሮቹን የወለደው ይኸው ግምት ነው።